ቁጥር የወጣለት ቡና

የቡና ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ ቆዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ነጥብ ብቅ ትላለች። ነጥቧ ትሰፋለች፣ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች፤ ዝናቡ ካላባራ ደግሞ ላይዋ ሮዝ መሳይ እርጥብ ነገር ያቀርራል። ያ የአንድ ፈንገስ ዘር ነው። ጠብታ ሲመታው ተፈናጥሮ አጠገቡ ያለው ፍሬ ላይ ያርፋል። የተያዘው ፍሬ ወይ ይረግፋል፣ ወይ ጠቁሮና ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ክፋቱ ቅጠሉን አለመንካቱ ነው፤ ከሩቅ ላየው ሰው ዛፉ ደህና ነው።

በሽታውን ባለሙያዎች ሲቢዲ ይሉታል። መጀመሪያ የታወቀው በ1922 በምዕራብ ኬንያ ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን የቆጠርኩበት ምክንያት ኋላ ይመጣል)። የፈንገሱ ሳይንሳዊ ስም ኮሌቶትሪከም ካሃዌ ነው፤ ካሃዋ በስዋሂሊ ቡና ማለት ነው። እኛ ዘንድ የታየው በ1971 ሲሆን፣ ብርድና ዝናብ ስለሚስማማው ከፍ ባሉት ቦታዎች በረታ።

መድኃኒት ተረጭቷል። ነገር ግን በጓሮና በጫካ ጥላ ሥር ላለ ቡና፣ በየዝናቡ እየተመላለሱ መርጨት ለማን አቅም ይሆናል?

ጅማ አጠገብ መልኮ የነበሩት ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የመጣው ራውል ሮቢንሰንና ኔዘርላንዳዊው ቫን ደር ግራፍ ከእነሱ ጋር ነበሩ። በሽታው ክፉኛ በመታው ማሳ መሐል ቆመው፣ ጎረቤቶቹ ፍሬያቸውን ሲያረግፉ እሱ ብቻ ያንዠረገገውን ዛፍ ይፈልጋሉ። ካገኙ ምልክት ያደርጉበታል፤ ከዘሩ ችግኝ ያበቅላሉ፤ የለጋውን ችግኝ ግንድ በፈንገሱ ዘር አርሰው ይፈትናሉ። የቆመው ያልፋል።

ጎበዞቹ የተገኙት በ1974 ነው። ስማቸውም ከዚያ ወጣ፦ 741፣ 744፣ 7440፣ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158፣ 74165። ሰባ አራቱ የፈረንጅ ዓመት ነው፤ በእኛ 1966 አልቆ 1967 የገባበት፣ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት። አዲስ አበባ ስትናጥ መልኮ ዛፍ ይቆጠር ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ዘሩ ለገበሬ መድረስ ጀመረ። ኬንያ በ1971 ማዳቀል ጀምራ ሩይሩ 11ን ያወጣችው በ1985 ነው። በእኔ ግምት ልዩነቱን የፈጠረው የባለሙያ ብልጫ አይደለም። እኛ መድኃኒቱን መፍጠር አላስፈለገንም፤ ገበሬው ሲወርስና ሲያወርስ በኖረው ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

74110 እና 74112 የተለቀሙት ከኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ካለች ቢሻሪ ከምትባል መንደር ነው። ዛሬ ባሕር ማዶ ልዩ ቡና የሚሸጡ ቤቶች ቁጥሮቹን ከረጢቱ ላይ ያትሟቸዋል። ኮዱ ዓመቱንና የዛፉን ተራ ይዟል፤ የመንደሯን ስምና የባለጓሮውን ስም አልያዘም።