የጂንካ ሰማይና ያልተቆጠረው ነዳጅ

የጂንካ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በከተማዋ መሃል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በሌለበት ጊዜ ከብት ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት ነበር፤ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሜዳው ይለቀቅ ነበር። ዛሬ ከተማዋ አስፋልት የለበሰ አዲስ ማረፊያ አላት። የደቡብ ኦሞን መንገድ በዝናብ ወራት የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ አይስተውም።

ሆኖም ከአውሮፕላኑ ጋር የወረስነው ሌላም ነገር አለ። ኢትዮጵያ በተገኘችበት በ1944 እ.ኤ.አ. የቺካጎ የአቪዬሽን ጉባኤ፣ ከአገር ወደ አገር የሚበር አውሮፕላን ጭኖት የሚገባው ነዳጅ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን አገሮች ተስማሙ። የእኛ አየር መንገድ በማግስቱ ዓመት ተቋቁሞ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ አደገ። ጭሱን ያሰበው አልነበረም። የኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት በ1997 የጭሱን ጉዳይ ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መራው፤ ድርጅቱ ኮርሲያ የተባለውን የማካካሻ ሥርዓት ያጸደቀው ግን በ2016 ነው። አንድ ኪሎ ነዳጅ ሲቃጠል ከሦስት ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ እየታወቀ 19 ዓመት መፍጀቱ ያሳዝናል።

ኮርሲያ አየር መንገዶች ከተወሰነው መጠን በላይ ለሚለቁት ጋዝ የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ሌላ ቦታ ለተቀነሰ ጋዝ የሚሰጥ ምስክር፣ እንዲገዙ ያዛል። ከ2027 ጀምሮ ግዴታ ይሆናል፤ እንደ እኛ ያሉ ያላደጉ አገሮች ግን ወደው ካልገቡ አይገደዱም። ለከባቢ አየሩ መበከል ድርሻችን ጥቂት ነውና ይህ ፍትሕ ነው። የአገር ውስጥ በረራንም ሥርዓቱ አይነካም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጂንካ የሚመላለሰው አውሮፕላን ጭስ የራሳችን ሒሳብ ነው፤ የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ባለቤቶች ሆነን ሒሳቡን ከሩቅ ጉባኤ ልንጠብቅ አይገባም።

መለካት ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። በኦሞ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ዳሰነቾች ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። የውኃው ልክ ዘሩን ይወስን ነበርና ወንዙን አስተውሎ መለካት የኑሮ ጉዳይ ነበር። በቅርብ ዓመታት ድርቅና ጎርፍ ተፈራርቀውባቸው ብዙ መንደሮች ተፈናቅለዋል። በኦሞ ላይ የተሠራው ግድብም፣ የቱርካና ሐይቅ መሙላትም እጃቸው አለበትና ሁሉን በአውሮፕላን ላይ አላላክክም። ግን የአየር ንብረቱ ሲናወጥ መጀመሪያ የሚጎዳው አንድም ቀን ያልበረረው አርብቶ አደር ነው።

ከጂንካ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወላይታ ሁምቦ ላይ፣ ገበሬዎች 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው ደኑን መልሰዋል፤ የካርቦን ክሬዲትም ሸጠውበታል። እነሱ የዛፋቸውን ካርቦን አስለክተዋል። የጂንካ መስመር ነዳጅም በየዓመቱ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ለጭሱም ማካካሻ ይከፈልና ገንዘቡ የኦሞን ተፋሰስ ለሚጠብቁት ይድረስ።