ሳጥኖቹ ምን አሉ?

እስቲ ጠጋ በሉና የአንድ ልጅና የአንዲት ባለሁለት መስመር ኤልሲዲ ነገር ላውጋችሁ።

ልጁ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነው፤ ፕሮጀክቱ የሮቶ ውሃ መጠን የሚያሳይ አርዱዊኖ። ኮዱን ጫነ፤ የስክሪኗ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ፤ ፊደል ግን የለም። ኮዱን ቢያገላብጥ፣ ደግሞ ቢጭን፣ ወይ ፍንክች! ሲመረው ሬዲዮ እየጠገኑ ወደሸበቱ አንድ ባለሙያ ዘንድ ይዟት ሄደ።

«ጋሼ፣ ተቃጥላለች መሰለኝ።»

«ማን ነገረህ? ቮልዩሟ የታለ?»

ለካስ ሦስተኛዋን ፒን ባዶዋን ትቷታል። የፊደሉን ድምቀት የምትወስነው እኮ እሷ ናት! ጋሼ የ10 ኪሎኦም ቮልዩም አመጡ፤ ሁለቱን ጫፍ 5 ቮልትና ግራውንድ ላይ፣ መሃሉን ፒን 3 ላይ አሰሩ። ወደ ግራውንዱ ቀስ እያሉ ሲያዞሩት፣ ከላይኛው መስመር 16 ጥቁር ሳጥኖች ተደረደሩ። ታችኛው ባዶ።

ልጁ «አለቀላት!» አለ። ጋሼ ሳቁ። ሳቃቸው እውነት አለው፤ ሳጥኖቹ የሚሉት «ኮረንቲ ደርሶኛል፣ ትእዛዝ ግን አልደረሰኝም» ነው። የእነዚህ ስክሪኖች አባት የሂታቺው ኤችዲ44780 ቺፕ ነው፤ ሲነሳ በ8 ቢትና በአንድ መስመር ይነሳል። በአራት ሽቦ ሊያነጋግረው የፈለገ ከ15 ሚሊሰከንድ በላይ ታግሦ፣ አንዱን ትእዛዝ ሦስቴ ደጋግሞ ነው የሚያግባባው። አንዲት ሽቦ ከላላች መግባባት ቀረ።

ጋሼ ፒን 5ን በቴስተር ነኩ፤ ግራውንድ ላይ ነች፣ ደህና። ከዚያ ስክሪኗን ገልበጥ አድርገው አዩና ቅንድባቸውን ሰቀሉ። የፒኖቹ ረድፍ ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቷል እንጂ አልተበየደም! በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው «ሪሴቷን ንካት» አሉት። ነካት፤ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። (ሪሴት ባይነካ ኖሮ ጣት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ አርዱዊኖው ማግባባቱን የሚያደርገው ሲነሳ ብቻ ነው።) ካውያ ጋለ፣ አሥራ ስድስቱም ፒን ተበየደ።

ልጁ አሁን ልቡ አበጠ። «በአማርኛ ብንጽፍበትስ ጋሼ?»

ቺፑ የእንግሊዝኛና የጃፓን ፊደል እንጂ የእኛን አያውቅም። በአንድ ጊዜ በራስህ የምትስልለት ስምንት ፊደል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም 5 ነጥብ በ8። «ውሃ ሞልቷል»ን እና «ውሃ ጎድሏል»ን ቆጠሩ፤ የተደጋገመውን ሲቀንሱ ልክ ስምንት! ባለካሬ ወረቀት ላይ መሳል ጀመሩ። ሰባቱ እንደምንም ሆኑ፤ «ሏ» ግን በአምስት ነጥብ ስፋት ከ«ል» አልለይ አለች። ጋሼ ላጲስ አነሱ።

«ቆይ ጋሼ፣ ‹ውሃ ሞላ›፣ ‹ውሃ ጎደለ› ብንለውስ?»

ቆጠሩ። ሰባት ብቻ! በተረፈችው አንዲት ቦታ ልጁ ቧንቧ ሳለባት።