የአምባዛው ጉልበት

ምድር ስለምን ትናወጣለች ለሚለው ጥያቄ የሰው ልጅ ከሳይንስ አስቀድሞ በተረት መልስ ሰጥቷል። ከእነዚህ መልሶች አንዱ የጃፓኖች ነው። በተረታቸው መሠረት ከምድር በታች ናማዙ የሚባል ግዙፍ አምባዛ ተኝቷል። የካሺማ አምላክ ራሱን በታላቅ ድንጋይ ተጭኖ ይዞታል፤ አምላኩ ከስፍራው በራቀ ጊዜ ግን ዓሣው ይወራጫል፤ ምድርም ትንቀጠቀጣለች።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1855 ሌሊት፣ ዛሬ ቶክዮ የምትባለው የኤዶ ከተማ በብርቱ ነውጥ ተመታች። በፍርስራሹና በተከተለው ቃጠሎ ከ7,000 የማያንስ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ጊዜው በአገሩ አቆጣጠር 10ኛው ወር ነበርና፣ አማልክት ሁሉ በዚያ ወር ወደ ኢዙሞ ይሄዳሉ የሚለው እምነት ለተረቱ ማስረጃ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የአምባዛው ሥዕል በየዓይነቱ እየታተመ ይሸጥ ጀመር። በአንዳንዱ ሥዕል ሕዝቡ ዓሣውን ሲቀጠቅጠው፣ በሌላው ደግሞ ከተማይቱን መልሶ በመገንባት ገንዘብ ያገኙት አናጢዎችና ለሳኞች ሲያመሰግኑት ይታያል።

ይህ ዓሣ በእርግጥ ቢኖር ኖሮ ጉልበቱ ምን ያህል በሆነ ነበር? ጥያቄው ጨዋታ ቢመስልም መልሱ የሚገኘው ከባድ ጥናት ካፈራው መለኪያ ነው። ቻርልስ ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1935 የካሊፎርኒያን ነውጦች በቁጥር ለማወዳደር መለኪያውን አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ከቤኖ ጉተንበርግ ጋር ሆኖ ያ ቁጥር ወደ ኃይል የሚለወጥበትን ቀመር አቀረበ። በቀመሩ መሠረት መጠኑ በ1 ሲጨምር በሞገድ የሚሠራጨው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ይበዛል።

በ1855 የኤዶን ነውጥ የመዘገበ መሣሪያ አልነበረም። ሊቃውንት ከጉዳቱ ስፋት ተነሥተው መጠኑን ወደ 7 ገደማ ያደርሱታል። ይህም 2 ሚሊዮን ቢሊዮን ጁል፣ ማለትም ሂሮሺማ ላይ የወደቀውን የአቶሚክ ቦምብ 30 ያህል ጊዜ ነው። ግምቱ በግማሽ ነጥብ ቢሳሳት እንኳ ኃይሉ ከ5 ጊዜ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

አሁን ዓሣው ይመዘን። በሴኮንድ 10 ሜትር ፍጥነት ቢወራጭና ጉልበቱ በሙሉ ሞገድ ቢሆን፣ ክብደቱ 40 ቢሊዮን ቶን ይሆናል። 1 ሜትር ርዝመትና 10 ኪሎ ክብደት ባለው አምባዛ ልክ ሲሰላ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይሁን እንጂ መሬትን የሚመታ ነገር ጉልበቱ አብዛኛው በሙቀትና በስብርባሪ ይባክናል፤ ሞገድ የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ነው። ይህ ጥቂት ከ10,000 አንድ እጅ ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ የአምባዛው ርዝመት ወደ 340 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ ከኤዶ እስከ ኪዮቶ ሊዘረጋ ጥቂት ይቀረዋል።

ይህን ያህል ፍጡር የሚጠይቀውን ሥራ ዐለት ያለ ጅራት ይፈጽመዋል። በመጠን 7 ነውጥ ጊዜ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ስንጥቅ ግራና ቀኝ ያለው ዐለት የሚንሸራተተው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምሥጢሩ በረጅም ዘመን የተጠራቀመው ውጥረት በሴኮንዶች ውስጥ መለቀቁ ነው። ቶማስ ሃንክስና ሂሮ ካናሞሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት መለኪያም የስንጥቁን ስፋት፣ የመንሸራተቱን ልክና የዐለቱን ጥንካሬ መሠረት ያደረገው ስለዚሁ ነው።

ይሁንና ስሌቱ የማይነግረን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሟቾቹ ቁጥር ነው። በኤዶ ጉዳቱ የበረታው ውኃ ያዘለ ለስላሳ አፈርና በሙሌት የተገኘ መሬት ባለበት በቆላማው ሰፈር ሲሆን፣ በጠንካራው ከፍተኛ ቦታ ግን ቀለል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1960 የሞሮኮዋን አጋዲር የመታው ነውጥ መጠኑ 6 እንኳ አልሞላም። 5.8 ነው ቢባል ኃይሉ ከኤዶው ከ60 አንድ እጅ ያህል ነው፤ ሆኖም 12,000 ያህል ሰው ፈጀ። ነውጡ የተነሣው ከከተማይቱ ሥር፣ ከምድር ገጽ ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ግንቦቹም የጎን ግፊትን እንዲቋቋሙ ሆነው አልተሠሩም።

ስለዚህ የኤዶ ሠዓሊዎች ከአምባዛው ጎን አናጢውንና ለሳኙን መሣላቸው ካሰቡት በላይ እውነት ነበረው። የዓሣውን ጉልበት መቀነስ የሚቻለው ሰው የለም፤ መሠረቱ የሚጣልበትን አፈር መመርመርና ግድግዳውን ከጣሪያው ጋር በሚገባ ማሰር ግን የግንበኛውና የመሐንዲሱ ፈንታ ነው።