የካንሳሱ ቼዝ ካውንቲ የሣር ምድርና ቅርሶቹ

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ምሥራቃዊ አጋማሽ የሚገኘው ቼዝ ካውንቲ ከ2 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የቆዳ ስፋት ያለው የገጠር አስተዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት 2 ሺህ 572 ብቻ ሆኖ ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ከ8 ሺህ የሚበልጥ ነዋሪ እንደነበረው ሲታሰብ የወጣቱ ፍልሰት ምን ያህል እንዳሳሳው መገመት አያዳግትም። ያም ሆኖ በሰሜን አሜሪካ ከሞላ ጎደል ከጠፋው የረጅም ሣር ምድር ሰፊ ቅሪት ይዞ በመቆየቱ፣ በርካታ የሕዝብ ብዛት ካላቸው አካባቢዎች ይልቅ በቅርስነቱ ይታወቃል።

የረጅም ሣር ፕሬሪ ቀደም ሲል ወደ 69 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት የአህጉሩን ክፍል ይሸፍን ነበር። ዛሬ ከዚህ ውስጥ የቀረው ከ4 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ አብዛኛው ፍሊንት ሂልስ ወይም የባልጩት ኮረብቶች ተብሎ በሚጠራው የካንሳስ ክፍል ይገኛል። የተቀረው በማረሻ ተገልብጦ የበቆሎና የስንዴ ማሳ ሆኗል። የባልጩት ኮረብቶች የተረፉት ግን በመጀመሪያ በሰው ጥበብ አይደለም፤ አፈሩ ስስ፣ ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይና ባልጩት ደግሞ ማረሻ የማያስገባ በመሆኑ ነው። ሰፋሪዎች መሬቱን ማረስ ሲሳናቸው ወደ ከብት እርባታ ፊታቸውን አዞሩ። ቢግ ብሉስቴም የተባለው ሣር በመልካም ዓመት ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ሥሩም በርካታ ሜትሮች ወደ መሬት ስለሚዘልቅ እሳትና ድርቅ በቀላሉ አያጠፉትም።

እንዲያውም እሳቱ ለሣሩ ሕልውና የሚያስፈልግ ነው። ከሰፋሪዎች አስቀድሞ በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት የካው ተወላጆች አዲስ ቡቃያ አውሬ እንዲስብላቸው ሣሩን ያቃጥሉ ነበር። የዛሬዎቹ ከብት አርቢዎችም በየዓመቱ በጸደይ ወራት ግጦሹን በማቃጠል ቁጥቋጦና ዛፍ እንዳይወርሰው ይከላከላሉ። በሌላ በኩል የዚሁ ቃጠሎ ጭስ በነፋስ ተገፍቶ የሩቅ ከተሞችን አየር በመበከሉ ቅሬታ አስነስቷል። የካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 የጭስ አስተዳደር ዕቅድ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ዕቅዱ ቃጠሎውን ከመከልከል ይልቅ አርቢዎች የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ሁኔታ እያዩ ቀኑን እንዲመርጡ ያበረታታል።

ለአስተዳደር ሠራተኞች ይበልጥ ትኩረት የሚስበው የቦታው የጥበቃ ታሪክ ነው። የረጅም ሣር ብሔራዊ ፓርክ የማቋቋም ሐሳብ በካንሳስ ለአሠርት ዓመታት ሲነሳና ሲወድቅ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1961 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቱዋርት ኡዳል ለፓርክ የታሰበ ቦታ ሊጎበኙ በሄዱበት ወቅት አንድ አርቢ ከግጦሽ መሬቱ ውጡልኝ ብሎ እንዳስወጣቸው ይታወሳል። የአርቢዎቹ ሥጋት መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። መሬቱ በመንግሥት እጅ ከገባ ካውንቲው ትምህርት ቤትና መንገድ የሚያንቀሳቅስበት የንብረት ግብር ይቀንሳል፤ ይዞታቸውም ያለ ፈቃዳቸው ሊወሰድ ይችላል የሚል ነበር።

መፍትሔ የተገኘው የባለቤትነትን ጥያቄ ከጥበቃው ጥያቄ በመለየት ነው። ናሽናል ፓርክ ትረስት የተባለ የግል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ስፕሪንግ ሂል ወይም ዚ ባር ተብሎ የሚታወቀውን የከብት እርባታ ገዛ። የካንሳሷ ሴናተር ናንሲ ካሰባውም የገፉበት ሕግም እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1996 ጸድቆ ወደ 4 ሺህ 400 ሄክታር የሚጠጋው የረጅም ሣር ፕሬሪ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ተቋቋመ። በሕጉ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት በባለቤትነት ሊይዝ የሚችለው ከ73 ሄክታር አይበልጥም። ቀሪው እ.ኤ.አ. በ2005 ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ ለተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የተላለፈ ሲሆን፣ የፓርኮች አገልግሎትና ድርጅቱ ሥፍራውን በጋራ ያስተዳድራሉ። የከብት ግጦሽም አልተቋረጠም። ባይሰን በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ጎሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከደቡብ ዳኮታው ዊንድ ኬቭ ብሔራዊ ፓርክ በመጡ 13 እንስሳት ወደ ቦታው ተመልሷል።

ጎብኚ በጥብቅ ሥፍራው በቅድሚያ የሚያገኘው ስቲቨን ጆንስ የተባለው አርቢ እ.ኤ.አ. በ1881 ያሠራውን ባለ 11 ክፍል የኖራ ድንጋይ መኖሪያ ቤትና ባለ ሦስት ፎቁን ግዙፍ የከብት ጎተራ ነው። ጆንስ በዚህ ቦታ የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1888 እርባታውን ሸጦ ሄዷል። ከቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ከኮረብታው ላይ ብቻውን የቆመው ሎወር ፎክስ ክሪክ የተባለው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ እ.ኤ.አ. 1930 ድረስ የአርቢዎችን ልጆች አስተምሯል።

የካውንቲው መቀመጫ በሆነችው ኮተንውድ ፎልስ ከተማ የሚገኘው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1873 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በካንሳስ እስካሁን በአገልግሎት ላይ ካሉት የካውንቲ ፍርድ ቤቶች ሁሉ አንጋፋው ነው። ንድፉን ያወጣው አርክቴክት ጆን ሃስኬል የግዛቱን ምክር ቤት ሕንፃ ከነደፉት አንዱ ነበር። ግድግዳው ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ፣ ጠመዝማዛው ደረጃ ደግሞ በኮተንውድ ወንዝ ዳር ከተቆረጠ የዋልነት እንጨት ተሠርቷል። ሕንፃው ሙዚየም ሳይሆን መደበኛ የመንግሥት ሥራ የሚካሄድበት ጽሕፈት ቤት ሆኖ መቀጠሉ ለእንክብካቤው ሳይጠቅም አልቀረም። ሕንፃው በተመረቀበት በዚያው ዓመት የካው ሕዝብ ከካንሳስ ተነሥቶ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ግዛት እንዲሄድ መደረጉም ከካውንቲው ታሪክ የሚነጠል አይደለም።

ከዚህም ሌላ በክሌመንትስ መንደር አቅራቢያ በ1880ዎቹ የተገነባው ባለ ሁለት ቅስት የድንጋይ ድልድይና በስትሮንግ ሲቲ በየዓመቱ የሚካሄደው የሮዲዮ የፈረስ ግልቢያ ውድድር ጎብኚዎችን ይስባሉ። ጸሐፊው ዊልያም ሊስት ሂትሙን እ.ኤ.አ. በ1991 ስለዚሁ አንድ ካውንቲ ብቻ ያሳተመው ‹‹ፕሬሪኧርዝ›› የተሰኘ ዳጎስ ያለ መጽሐፍም ቦታውን ከካንሳስ ውጪ አስተዋውቋል።

በባዛር መንደር አቅራቢያ በግል የግጦሽ መሬት ላይ አንድ የመታሰቢያ ሐውልት ይገኛል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1931 ከካንሳስ ሲቲ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይበር የነበረ የፎከር አውሮፕላን ከእንጨት የተሠራው ክንፉ አየር ላይ ተገንጥሎ በዚሁ ሥፍራ ሲወድቅ፣ የታወቀው የኖትር ዳም የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ ክኑት ሮክኒን ጨምሮ 8 ሰዎች ሞተዋል። አደጋው የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች ለጊዜው ከበረራ እንዲታገዱ፣ የአየር መንገዶችም ሙሉ በሙሉ ከብረት ወደተሠሩ አውሮፕላኖች እንዲያዘነብሉ ምክንያት ሆኗል። ሐውልቱ በግለሰብ ይዞታ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሊያየው የሚሻ ሰው አስቀድሞ የባለመሬቱን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።