ቆመህ ጠብቀኝ
ስለ አሮጌው ነፍጥና ስለ ለቅሶ ሜዳ ልማዳችን



ባለፈው ጥር ወር አንድ የዕድሜ ባለጸጋ አባላችን አርፈው ለቅሶ ላይ ነበርን። እንደ አገራችን ልማድ የሟች ዕቃ ወደ ሜዳው ወጣ። ጋሻ ወጣ፣ ጦር ወጣ፣ በመጨረሻም ትልቁ ልጃቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ጠመንጃ ይዞ መጣ። ጨርቁ ሲፈታ ወጣቶቹ ለማየት ተጋፉ። ካዝና የለው፣ ጥይት መክተቻ የለው፤ በአፈሙዙ በኩል ብቻ የሚጎርስ የድሮ ነፍጥ ነው። ሰደፉ በእጅ የተጠረበ ሲሆን የተሰነጠቀበት ቦታ በጠፍር ታስሯል። «ይኼ ደግሞ ጠመንጃ ነው ወይስ ቧንቧ?» ያለም አልጠፋ።

አንዱ ጎረምሳ «ለአባባ ክብር አንድ ጊዜ ይጩህ እንጂ! ከክላሽ ጥይት ባሩድ አውጥተን እናጉርሰው» አለ። እውነቱን ለመናገር እኛም «ይጩህ» ካሉት ወገን ነበርን። አንድ ሽማግሌ ግን ምርኩዛቸውን ጥለው ተነሡና «ዘንጉን አምጡ» አሉ። ዘንጉን በአፈሙዙ ሰደው እስከ ቆመበት ድረስ በጣታቸው ያዙት፤ አወጡትና በውጭ በኩል በብረቱ ላይ ለኩት። ከታች አራት ጣት ያህል ጎደለ። «ልጆች፣ ይኼ ነፍጥ ጎርሷል» አሉ። ማን እንዳጎረሰው፣ መቼ እንዳጎረሰው የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሜዳው ጸጥ አለ። ያን ቀን ከአንድ ቀብር ሁለትና ሦስት ቀብር ሳንጨምር የተረፍነው በአንድ ሽማግሌ ዕውቀት ነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

እኛ የጽሕፈት ቤት ሰው ነበርን። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን መዝገብ ስናገላብጥ ስለኖርን የማንበብ ልምድ አለን። ታዲያ ካነበብነውና ከታላላቆቻችን ከሰማነው ስለዚህ ነፍጥ ጥቂት እንበል።

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የተለካ ባሩድ በአፈሙዙ ይፈስሳል። ከላዩ የእርሳስ አረር ከጨርቅ ወይም ከሌላ ውታፍ ጋር ይገባና በዘንግ ይጠቀጠቃል። ከዚያ በታች በኩል ባለችው ቀዳዳ እሳት ይደርሰዋል። እሳቱ በጥንቱ ዓይነት ከሚጨስ ገመድ፣ ቀጥሎ በመጣው ከባልጩት ፍንጣሪ፣ በመጨረሻው ዓይነት ደግሞ መዶሻው ከሚመታት ትንሽ የመዳብ ቆብ ይመጣል። ባሩዱም ከድኝ፣ ከከሰልና ጨው ከሚመስል የባሩድ ጨው ተወቅጦ የሚሠራ ጥቁር ባሩድ ነው። እጁ የፈጠነ ሰው እንኳ በደቂቃ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ አይተኩስም። እንግዲህ አንድ ጊዜ ተኩሶ እስኪያጎርስ ድረስ ጠላቱን «ቆመህ ጠብቀኝ» ይለዋል ማለት ነው። ሕዝባችን ለዚህ መሣሪያ ያወጣለት ስምም ይኸው ነው፤ «ቆመህ ጠብቀኝ»።

ይህ ነፍጥ ለጎንደርም ለቆላችንም እንግዳ አይደለም። ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ መጥተው በጎንደር አንጋሽና ሻሪ የሆኑት በባለ ነፍጥ ወታደሮቻቸው ብርታት ነበር። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለ ነፍጥ የጻፈው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። በተኩስ ነገር ከአንድ መኳንንት ጋር ተከራከረና በጠመንጃው ውስጥ በአረር ፈንታ ከሞራ የተሠራ ሻማ ግማሽ አጉርሶ ተኮሰ፤ ሻማውም ሦስት ጋሻ በስቶ አለፈ። ሁለተኛውንም ግማሽ በጠረጴዛ ላይ ተኩሶ በሳው። ለተመልካቹ ተአምር መሰለ፤ ነገሩ ግን ተአምር አይደለም፤ ለስላሳም ነገር ቢሆን በኃይል ሲወረወር ይበሳል። ይኸው ብሩስ በዚያን ዘመን ራስ ኤል ፊል ይባል ለነበረው ለእኛው ለመተማ አካባቢ ሹም ተብሎ ተሾሞ ነበር፤ በ1764 ዓ.ም. ወደ ስናር የወጣውም በዚሁ በቆላችን በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ የቋራው ካሣ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ዘልቀው ዳባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። የግብፅ ወታደር በሥርዓት የሠለጠነ፣ መድፍም የነበረው ስለ ሆነ የካሣ ሰዎች ብዙ ጀግንነት ቢያሳዩም ድል ሆኑ። ካሣ ይህን አልረሱትም። ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለ እጆችንና ያገራችንን ሠራተኞች ሰብስበው መድፍ አስፈሰሱ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ እሱም በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ከ1860 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ወራት ፈጅቷል፤ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት ነው የተጎተተው። ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ዳሩ ግን ያ ሁሉ ድካም ሲደረግ የዓለም መሣሪያ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዘው ሲወርዱ እንግሊዞች የያዙት በኋላው የሚጎርሰውን ስናድር ነበር። ስናድር በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። በዚያ ቀን ከኛ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ሲያልቅ ከእንግሊዝ በኩል የሞቱት ሁለት ናቸው። ገብርዬም እዚያው ወደቁ። ሰዎቻችን ድፍረት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ዘንግ የማይጠይቅ ጠመንጃ ነው።

እንግሊዞችም ሲመለሱ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ኋላ ለአፄ ዮሐንስ፣ ስድስት ሞርታር፣ ስድስት መድፍና ስምንት መቶ ሃምሳ ያህል ጠመንጃ ሰጥተዋቸው ሄዱ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆች ሲሸነፉ ደግሞ ብዙ ሬሚንግተን ተማረከ። ከዚያ ወዲህ ቆመህ ጠብቀኝ ከጦር ሜዳ እየራቀ፣ ለዝሆንና ለጎሽ አደን፣ ለሠርግና ለለቅሶ እየቀረ መጣ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ደርቡሾች በእሾህ አጥር መሽገው በሬሚንግተን ሲከላከሉ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት አጥሩን ጥሶ ገባ። ድሉ ሊያዝ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉና አረፉ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ከተማችን በስማቸው የምትጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ባለ ዘውዱ የሞቱበት አገር ነዋሪዎች ስንሆን የአያቶቻችንን መሣሪያ ታሪክ አለማወቃችን ያሳፍራል።

በሰው አገርም ቢሆን ይህን ዕቃ አልጣሉትም። በአሜሪካን አገር ኢንዲያና በሚባለው ግዛት ፍሬንድሺፕ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 በተቋቋመ ማኅበር አማካይነት አሮጌውንና ዛሬ በእጅ የሚሠራውን የአፈሙዝ ጎራሽ ይዘው ይገናኛሉ፣ ያሳያሉ፣ ዒላማ ይተኩሳሉ። እኛ ማሳያ ሜዳችን የለቅሶው ሜዳና በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የሚከበረው የዓድዋ በዓል ነው። ልዩነቱ እነሱ ሠሪው ማን፣ ባለቤቱ ማን እያሉ ይጽፋሉ፤ እኛ ግን አንጽፍም።

በዚያ ለቅሶ ላይ የሟችን ልጅ «ይህ ነፍጥ የማን ነበር?» ብለን ጠየቅነው። «ከአያቴ ነው መሰለኝ፤ አባባ ነበር የሚያውቁት» አለን። አባባ ግን በዚያው ሰዓት ወደ መቃብር እየወረዱ ነበር። ነፍጡ ቀረ፣ ታሪኩ አብሮ ተቀበረ። በመዝገብ ቤት ሳለን ስም ያልተጻፈበት ፋይል ከመደርደሪያው ላይ እያለ እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር። ይኸም ያው ነው።

ስለዚህ ለእድርተኛው ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ አሮጌ ነፍጥ ሁሉ ጎርሷል ተብሎ ይታሰብ። ማንም ወደ አፈሙዙ ፊቱን አያዙር፣ ከእሳትም ይራቅ። ጎርሶ ከተገኘ የሚያውቅ ሰው ይጠራ እንጂ ልጆች አይነካኩት።

ሁለተኛ፣ በለቅሶ ላይ ይታይ እንጂ አይተኮስ። የዛሬው የጥይት ባሩድ ኃይሉ ከጥቁሩ ባሩድ እጅግ ይበልጣል፤ በድሮ ብረት ውስጥ ከገባ ብረቱን ቀድዶ የያዘውን ሰው ይገድላል። ከማዶ በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ተነሥቶ ስደተኛው በእኛው በር እያለቀሰ ሲገባ አይተናል። የጠመንጃ ጩኸት ጠግበናል፤ ሟችን ለማክበር ሌላ መጨመር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ በቤቱ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ። የማን እንደ ነበር፣ ከየት እንደ መጣ፣ የት እንደ ዋለ በወረቀት ጽፎ ከጠመንጃው ጋር በጨርቅ ይጠቅልል። ለመጻፍ የሚቸግረው ካለ እኛ ዓይናችን እስከ ሠራ ድረስ እየመጣን እንጽፍለታለን፤ ዋጋው አንድ ስኒ ቡና ነው።

እድራችን የሰውን ሬሳ በክብር ይቀብራል፤ ታሪኩን ግን አብረን አንቅበር። ነፍጡ ቆሞ ጠብቆናል፤ የሚያውቁት አባቶች ግን ቆመው አይጠብቁንም። ያለፉትን ነፍስ ይማር፣ ያለነውን ያሰንብተን።