የታደሰ ቮልስ፦ ዋጋ አወጣጥና ግዢ

ቮልስ (ቮልስዋገን ቢትል) ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠና በአየር የሚቀዘቅዝ የጀርመን መኪና ነው። የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ተመረተ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ስለተከለከለ ፈላጊው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ነው።

ዋጋውን መወሰን ያለበት ቀለሙ ሳይሆን ቆርቆሮው ነው። በስቱኮ የተደፈነ ዝገት ማግኔት አይዝም። ቮልስ ቶሎ የሚበሰብሰው ወለሉ ላይ፣ በተለይ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው በሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ምንጣፉን ሳያስነሱ ዋጋ መጥራት ከንቱ ድካም ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር መግጠም አለበት።

አርባ ምንጭ ላይ ሁነኛው መፈተኛ በቀትር ሙቀት ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ ሰፈር መውጣት ነው፤ የደከመ ሞተር ዳገቱ ላይ ይጋለጣል። የጨንቻ መንገድ ደግሞ ፍሬኑን ቁልቁል ይፈትናል።

በድርድር ጊዜ የተገኘው ጉድለት ሁሉ በጥገና ወጪው ተሰልቶ ከዋጋው ይቀነስ። የደላላው ክፍያም አስቀድሞ ይለይ። ቀብድ ከመስጠት በፊት ሕጉን ማወቅ ይበጃል፦ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ውሉን የሚተው ቀብድ ሰጪ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል።