ስውር የባትሪ ፍጆታ

ስውር የባትሪ ፍጆታ መኪናው ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶና በሮቹ ተዘግተው ሳለ ከሚገባው መጠን በላይ ከባትሪው መፍሰሱን የሚቀጥል ኮረንቲ ነው። የሚታወቀው ማታ በደህና የቆመው መኪና ጠዋት ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ አልነሳም ሲል ነው። ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ይቀራል፣ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል። በሌላ መኪና ባትሪ ከተነሳ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል። ያረጀ ባትሪና የደከመ ዲናሞም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው ብዙ ባለመኪኖች መጀመሪያ ባትሪ ይቀይራሉ፤ የሚበላው መስመር ካልተገኘ አዲሱም ባትሪ በዚያው መንገድ ይወርዳል።

ጤነኛው ፍጆታ

የቆመ መኪናም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይጠቀማል። ሰዓቱ፣ የሬዲዮው ማኅደር፣ የስርቆት መከላከያው፣ የሪሞቱን ምልክት የሚጠብቀው መቀበያና የሞተሩ ኮምፒውተር ሁሉም ድርሻ አላቸው። በአብዛኞቹ መኪኖች የእነዚህ ድምር ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር ነው፤ ብዙ ኮምፒውተሮች በተገጠሙላቸው ዘመናዊ መኪኖች ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። ለእያንዳንዱ ሞዴል የተፈቀደው መጠን በአምራቹ የጥገና መመሪያ ላይ ይገኛል።

ሙሉ በሙሉ ከተሞላ ባለ 60 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ላይ 50 ሚሊአምፒር በቀን 1.2 አምፒር-ሰዓት ይወስዳል፤ የባትሪውን ግማሽ ለመጨረስ 25 ቀን ያስፈልገዋል። ሳይጠፋ የቀረ አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል ግን ወደ 0.4 አምፒር ስለሚስብ በቀን 10 አምፒር-ሰዓት ገደማ ይበላል፤ በሦስት ቀን ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ባትሪው ካረጀና የመያዝ አቅሙ ከቀነሰ ያው አምፖል በአንድ ሌሊት መኪናውን ሊያስቆም ይችላል።

ጉዳቱ ጠዋት ባለመነሳት ብቻ አያበቃም። ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የሊድ-አሲድ ባትሪ፣ ካዲላክ በ1912 የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከገጠመ ወዲህ በመኪና ውስጥ ዋና ሥራው ለጥቂት ሰከንዶች ከፍተኛ ኮረንቲ መስጠት ሆኗል። ሳህኖቹም ለዚያ ተብለው ስስ ናቸው። ባትሪው ደጋግሞ ሲራቆትና ሳይሞላ ሲቆይ በሳህኖቹ ላይ የሚፈጠረው የሊድ ሰልፌት ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም አቅሙ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

የተለመዱ መንስኤዎች

ቀላሎቹ ሳይጠፉ የሚቀሩ መብራቶች ናቸው፦ የኋላ ዕቃ መጫኛው፣ የዳሽቦርዱ ኪስና የጣሪያው መብራት። የበሩ መቆለፊያ ውስጥ ያለው ስዊች ሲበላሽ መኪናው በሩ ክፍት ይመስለውና መብራቱንም ኮምፒውተሮቹንም እንደነቁ ያቆያል። ከፋብሪካ በኋላ የሚገጠሙ ዕቃዎች ሌላው ምንጭ ናቸው። ቁልፍ ሲጠፋ በሚቋረጠው መስመር ላይ መግባት ሲገባቸው በቀጥታ ከባትሪው የተሳቡ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር፣ አላርም፣ ጂፒኤስና የመንገድ ካሜራ በተደጋጋሚ ይገኛሉ። ነጥቡ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ፣ በዲናሞ ውስጥ የሚያሳልፍ ዳዮድ፣ እንዲሁም መተኛት ያቃተው ኮምፒውተር ከበድ ያሉት ናቸው።

ችግሩ ከመኪናው አሠራር ሊመነጭም ይችላል በሚል ክስ ቀርቦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሱባሩ ላይ የቀረበው የጋራ ክስ የ2015–2020 አውትባክና ፎሬስተርን ጨምሮ በርካታ ሞዴሎች ቆመው ሳለ ባትሪያቸውን ይጨርሳሉ ይል ነበር። ኩባንያው ጥፋቱን ሳይቀበል ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል።

ከምርመራው በፊት

ስውር ፍጆታ ከመፈለጉ በፊት ባትሪውና ዲናሞው መጣራት አለባቸው። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ደግሞ ባዶ ሊባል የተቃረበ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.7 ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ዲናሞው በቂ እየሞላ አይደለም። የዛገ ወይም የላላ የባትሪ ማሰሪያ፣ ዘወትር አጭር መንገድ ብቻ መሄድና በባትሪው አናት ላይ የተጠራቀመ እርጥብ ቆሻሻም ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ወደ ልኬት ይገባል።

ልኬቱ

የተለመደው መሣሪያ ቴስተር ነው። ኮፈኑ ይከፈታል፤ የሚመረመረው በር ክፍት መሆን ካለበት መቆለፊያው በካቻቢቴ ተገፍቶ እንደተዘጋ ይደረጋል፤ ስማርት ቁልፉ መኪናውን እንዳይቀሰቅስ ይርቃል። የቴስተሩ ቀይ ገመድ ባለ 10 አምፒር ቀዳዳ ላይ ይሰካል። አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው በኔጌቲቩ ኬብል ማሰሪያ ላይ ተቆንጥጦ ከተያዘ በኋላ መስመሩ ሳይቋረጥ ማሰሪያው ይነቀላል። እንዲህ ከሆነ ወደ መኪናው የሚሄደው ኮረንቲ ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል፤ መስመሩም ለቅጽበት ስላልተቋረጠ ተኝተው የነበሩ ኮምፒውተሮች አይነቁም። ቴስተሩ ተገጥሞ ሳለ ቁልፍ ማዞርም ሆነ መኪናውን ማስነሳት አይቻልም፤ የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።

ብዙ ምርመራ የሚሳሳተው እዚህ ላይ በመቸኮል ነው። መኪናው እንደተዘጋ ብዙ አምፒር ሊያሳይ ይችላል፤ ኮምፒውተሮቹ ተራ በተራ ሲተኙ ንባቡ በደረጃ ይወርዳል። በአንዳንድ ሞዴሎች ይህ ጥቂት ደቂቃ፣ በሌሎች እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። እውነተኛው ንባብ መውረዱን አቁሞ የረጋው ቁጥር ነው። ኬብል ሳይነቅል የሚለካ የዲሲ ክላምፕ ሜትርም አለ፤ ነገር ግን ሚሊአምፒርን በትክክል የሚለይ መሆን አለበት።

መስመሩን መለየት

የቆየው ዘዴ ፊውዞችን አንድ በአንድ ነቅሎ ንባቡን ማየት ነው። ለምሳሌ ረግቶ 0.43 አምፒር የሚያሳይ ቴስተር "ዶም" የተባለው ፊውዝ ሲነቀል ወደ 0.03 ቢወርድ፣ የጠፋው 0.4 አምፒር በዚያ መስመር ያልፍ ነበር። ነገር ግን ያ ፊውዝ የጣሪያውን መብራት፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን መብራትና ሌሎችንም ሊመግብ ይችላል፤ ስለዚህ ፊውዙ ተመልሶ ተሰክቶ ዕቃዎቹ ተራ በተራ ይነቀላሉ። የኋላው አምፖል ሲወጣ ንባቡ ከወደቀ የሚቀረው ስዊቹን ማየት ነው። ክዳኑ ሲዘጋ መብራቱ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ ውስጥ መተው ይበቃል።

ፊውዝ መንቀልና መሰካት በዘመናዊ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሮችን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ባለሙያዎች ፊውዙን በቦታው ትተው በአናቱ ባሉት ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች መካከል ያለውን ቮልቴጅ ይለካሉ። ፊውዙ ራሱ ጥቂት ሬዚስታንስ ስላለው ኮረንቲ ካለፈበት በነጥቦቹ መካከል ሚሊቮልት ይታያል። በባለ 10 አምፒር ትንሽ ፊውዝ ላይ ጥቂት ሚሊቮልት ማየት ብዙ መቶ ሚሊአምፒር እያለፈ መሆኑን ይጠቁማል፤ ዜሮ ከሆነ መስመሩ ነጻ ነው። ንባቡን ወደ ሚሊአምፒር የሚቀይሩ ሠንጠረዦች በፊውዙ ዓይነትና መጠን ተዘጋጅተው ይገኛሉ።

ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ንባቡ ካልወረደ ፍለጋው ፊውዝ ወደሌላቸው ወይም በትልልቅ ፊውዝ ብቻ ወደሚጠበቁ መስመሮች ይዞራል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ዲናሞውና ሞተሪኖው ናቸው። የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ይፈታል፣ ጫፉም ተጠቅልሎ ይገለላል፤ ከዚያ ልኬቱ ሲደገም ንባቡ ወደ ጤናማው ከተመለሰ ዳዮዱ ያሳልፋል ማለት ነው።

አስቸጋሪው ፍጆታ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣው ነው። ሲለካ ደህና የሆነ መኪና እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ኮምፒውተር ነቅቶበት ሊያድር ይችላል። ይህን የሚይዘው ሌሊቱን ሙሉ ንባብ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው፤ ኮረንቲው ከፍ ያለበት ሰዓትና የቆየበት ጊዜ የትኛውን መስመር መፈተሽ እንደሚገባ ይጠቁማል።

በኤሌክትሪክ መኪኖች

የኤሌክትሪክ መኪናም ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ኮምፒውተሮቹን፣ የበር ቁልፎቹንና ትልቁን ባትሪ የሚያገናኙትን ሪሌዎች የሚያሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ከሞተ መኪናው አይነቃም። የሚሞላውም በዲናሞ ሳይሆን ከትልቁ ባትሪ ቮልቴጁን ዝቅ በሚያደርግ መቀየሪያ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የግል መኪኖችን ማስገባት ከከለከለች በኋላ ይህ እውቀት ለአገር ውስጥ ጋራዦች ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። የ12 ቮልቱ ልኬት መርህ ከላይ ከተገለጸው ጋር አንድ ነው፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሎች ግን በሠለጠነ ባለሙያ ካልሆነ አይነኩም።

ጥገናው አለቀ የሚባለው ልኬቱ ከመጀመሪያው ተደግሞ፣ መኪናው ተኝቶ የረጋው ንባብ አምራቹ ከፈቀደው ገደብ በታች ሲሆን ነው።